አሜን ያላልንበት ጸሎት

ሐሙስ፤ ከላምበረት እስከ ሸዋ ሮቢት

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ የደሴ መስመር መኪኖች ተሰልፈው ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ሁለት ቦታ ደውዬ አጣርቻለሁ። ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ መስኮት ዳር ቦታ አገኘሁና ቦርሳዬን እግሬ ሥር አደረግኩ። በውስጡ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የደም ግፊት ኪኒኔና አንድ ደብዳቤ አለ። የምጓዘው በደብዳቤው ምክንያት ነው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከእኛ ጉባኤ ጋር ኅብረት ያላት ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አለች። ምዕመኖቿ ስልሳ አይሞሉም። ደብዳቤውን የላኩት እነሱ ናቸው። ከተማው ለእነሱና በአካባቢው ላሉት ጥቂት የካቶሊክ ቤተሰቦች በጋራ የመቃብር ቦታ ሰጥቷቸዋል። አጥሩ ታጥሮ አልቋል፤ በመጪው እሑድ በጋራ ጸሎት ይመረቃል። በዕለቱ የሚነበብና ሁለቱም ወገን የሚፈርምበት “የአንድነት ቃል” የሚባል ጽሑፍም ተዘጋጅቷል። ወንጌላዊው ግን አልፈርምም ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ምዕመኑም እነሱን እየተከተለ ነው። “እባካችሁ ሰው ላኩልን” ብሎ ያበቃል ደብዳቤው።

ጽሑፉ አብሮ ተልኳል፤ ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው። ወንጌላዊው ሁለት ቦታ በቀይ አስምረውበታል። አንደኛው “በእምነታችን መካከል የሚለየን አንዳች ነገር እንደሌለ እንመሰክራለን” ይላል። ሁለተኛው “ያረፉት ወገኖቻችን ነፍስ ምሕረት ታገኝ ዘንድ በአንድ ድምፅ እንለምናለን” የሚል ነው።

ነገሩን ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን ቀላል አይደለም። እኛ ሰው የሚድነው በክርስቶስ በማመን ብቻ ነው፣ ከሞት በኋላ በጸሎት የሚስተካከል ነገር የለም ብለን እናምናለን። ስለዚህ ለሞተ ሰው አንጸልይም። ካቶሊኮች ግን በየቅዳሴያቸው ሙታንን ያስባሉ፤ እመቤታችንንና ቅዱሳንንም አማልዱን ብለው ይለምናሉ። ይህን የማውቀው በወሬ አይደለም። እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ ካቶሊክ ነበርኩ፤ የተወለድኩት ከእምድብር ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። መጋቢያችንም የላከኝ ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ላይ እንጀራዬ የጽሑፍ እርማት ነው።

“ሂጂና ስሚ፤ ዳኛ ሆነሽ ግን አትሂጂ” ነበር ያለኝ።

እውነቱን ለመናገር ውስጤ ቀድሞ ፈርዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስቀይር እናቴ ዓመት ሙሉ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ “ሁሉም አንድ ነው፤ ምን ልዩነት አለው” የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። ልዩነት ከሌለ እናቴን ያስለቀስኩት በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ከአዲስ አበባ የወጣሁት።

ደብረ ብርሃን ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ፍርፍርና ትኩስ ሻይ ቀምሰን ተነሣን። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ስለነበር ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነዳ። መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ አቋርጠን ብርሃን ስናይ አገሩ ሌላ ሆኗል። ከእግራችን ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደረጃ በደረጃ የተሠራ እርሻ፣ ከዚያ ወዲያ በሙቀት ጉም የደበዘዘ የይፋት ቆላ ተዘርግቷል። ደብረ ሲና ላይ ቆም ስንል የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ሻጭዋ ወፍራም ሹራቤን አይታ ሳቀች።

“ወዴት ነው የሚወርዱት፣ እትዬ?”

“ሸዋ ሮቢት።”

“እንግዲያው ሹራቡን አሁን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። እዚያ እንዲህ ለብሰው ከወረዱ ታመዋል ብሎ ሐኪም ቤት ይወስድዎታል ባጃጁ።”

ልክ ነበረች። በየኩርባው ሙቀቱ ጨመረ። ጽድና ባሕር ዛፍ ቀርተው ግራር መጣ፤ ገብስ ቀርቶ ማሽላ መጣ። አርማኒያን ካለፍን በኋላ የመጀመሪያዎቹን ግመሎች አየን። ሰባት ሰዓት ገደማ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አስፋልቱ በጫማዬ ሶል በኩል ያቃጥለኝ ነበር።

ያረፍኩበትን ሆቴል የሚያስተዳድሩት እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ አንገታቸው ላይ ትልቅ ማተብ ያሰሩ ሴት ናቸው። መታወቂያዬን ሲመዘግቡ ቀና ብለው አዩኝ።

“ለመቃብሩ ነው የመጡት?”

“እንዴት አወቁ?”

“እዚህ ምን የማይታወቅ አለ? ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝም? ጴንጤና ካቶሊክ ሁለት ነው እንዴ? እኛ እኮ አንድ ናችሁ ብለን ነው የኖርነው።”

“የተጣሉት በእሱ ነው” አልኳቸውና ሁለታችንም ሳቅን። የማራገቢያውን ማብሪያ አሳይተውኝ ቀዝቃዛ ውኃ አመጡልኝ።

አመሻሽ ላይ ደብዳቤውን የጻፈችው ሠናይት መጣች። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከአምስቱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች አንዷና ትንሿ ናት። “የአንድነት ቃሉን” ከካቶሊኮቹ አስተባባሪ ከመምህር ፍሬው ጋር ሆና ያዘጋጀችው እሷው ነች።

“አባቴ የሞተው በሚያዝያ ነው” አለችኝ። “የሚያዝያን የሮቢት ሙቀት አያውቁትም። እዚህ እያንዳንዱ እምነት የራሱ መቃብር አለው፤ እኛ አልነበረንም። አስከሬኑን ፒክአፕ ላይ ጭነን ጋራውን ወጥተን ደብረ ብርሃን ቀበርነው። እናቴ መቃብሩን ያየችው ያኔ ብቻ ነው፤ ተራራው ለልቧ አይሆንም ተብላለች። ካቶሊኮቹም እንደኛው ነበሩ። ስድስት ዓመት አብረን ደጅ ጠናን፤ አብረን አገኘን። አሁን ቦታው ሲገኝ ከእናንተ ጋር አንጸልይም ልንላቸው ነው?”

“አብሮ መጸለይና እዚህ ላይ መፈረም አንድ ነው?” አልኳት ወረቀቱን እያሳየሁ።

“አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያደርጋል፣ እትዬ ትርፌ? ሰው ይበልጣል።”

ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩ። ስሚ ነው የተባልኩት።

ዓርብ፤ የጋሽ ደምሴ ጓሮ

ወንጌላዊ ደምሴን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው ያገኘኋቸው። ከተማው ጋሽ ደምሴ ይላቸዋል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዓመታት የግሬደር ኦፕሬተር ነበሩ፤ ቁመታቸው ረዥም፣ እጃቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከሞተር ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ድምፅ ነው። ከሮቢ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ፓፓያ ያለማሉ። ቦዩን በአካፋ እየጠረጉ አገኘኋቸው።

“አዲስ አበባ ሊያስፈርመኝ ነው የላከሽ ወይስ ሊያስቆመኝ?”

“ልሰማዎት ነው የመጣሁት።”

“እሱስ ደኅና” አሉና አካፋውን ተከሉ፤ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ፓፓያ ቆርጠው ሎሚ ጨመቁበት።

ሚስታቸው ከአራት ዓመት በፊት ነው ያረፉት። እሳቸውም የተቀበሩት ደብረ ብርሃን ነው። በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ካቶሊኩ ቄስ አባ ሀብተ ማርያም በወር አንዴ ለቅዳሴ ሲመጡ ሳይጠይቋቸው አያልፉም ነበር።

“እሷ መነሣት ሲያቅታት አባ ወንበር ስበው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን አንሥተውባት አያውቁም። ውለታቸው አለብኝ። ይህንንም መሬት ከእኔ በላይ የፈለገው ሰው የለም። ነገ ተነገ ወዲያ የምገባበት ቤት ነው።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ፣ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ፈርሜ ልግባበት?” ድምፃቸው ከፍ አለ። “አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው የነገርኩት፣ ክርስቶስ ሥራውን በመስቀል ላይ ጨርሷል፤ የሚጨመርበት የለም ብዬ ነው። በዚህ ቃል ያመኑ ሰዎች ከቤተሰብ ተለይተዋል፤ ከዕድር ወጥተዋል። አሁን ተሰብስበው በተቀመጡበት ‘የሚለየን የለም፤ ለሙታንም አብረን እንለምናለን’ ብዬ ባነብ፣ ያን ጊዜ ዋሽቻችኋለሁ ማለቴ አይደለም? አንድነት ጥሩ ነው። እውነቱን ሸፍነሽ የምታመጪው አንድነት ግን ከታች ጠጠር ሳይደረግበት አፈር ብቻ የለበሰ መንገድ ነው። መኪና ይሄድበታል፤ እስኪዘንብ።”

የምፈልገውን ሰማሁ። ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ።

“ይህን ለአባ ነግረዋቸዋል?”

ጋሽ ደምሴ ሎሚውን ማገላበጥ ጀመሩ። “ሦስት ሳምንት ሸሸኋቸው” አሉ በመጨረሻ። “ሚስቴን ያስታመመ ሰው ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ከበደኝ። መጡ ሲሉኝ ማሾ ልገዛ ወጣሁ ብዬ አስነገርኩ።” ማሾ ቆላው የሚያበቅለው ጥራጥሬ ነው።

“ነገ ይመጣሉ፤ ከሠናይት ጋር ሆነን መሬቱ ጋ ቀጥረናቸዋል” አልኳቸው።

አካፋቸውን አነሡ። “እንግዲያው እመጣለሁ። ነገ ማሾ አልገዛም።”

ቅዳሜ፤ ቁርቁራው ሥር

ከከተማው በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄድን፤ ከዚያ በእግር በማሾ እርሻ መሃል አለፍን። ማሾው እንክብል እንክብል ያለ ቀጭን ዘለላውን አንጠልጥሎ ለመለቀም ደርሷል። ሠናይት፣ ጋሽ ደምሴና እኔ ነን። መሬቱ ትንሽ ኮረብታ ላይ ነው፤ በሽቦ ታጥሯል፤ ገና ማንም አልተቀበረበትም። ከበሩ አጠገብ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር የአካባቢው ገበሬ ሐጂ ኡመር ቀድመው ተቀምጠዋል። ወደ መቃብሩ የሚያስገባው መንገድ የተወሰደው ከእሳቸው ማሳ ዳር ነው፤ በራሳቸው ፈቃድ ነው የለቀቁት።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ደምሴ! እንግዳ ይዛችሁ መጣችሁ? ማሻአላህ። ኑ፣ ጥላው ይበቃናል።”

ስንቀመጥ አመሰገንኳቸው።

“ለምኑ? ሰው ሞቶባቸው በሰው ማሽላ ላይ አይራመዱ ብዬ ነው። አላህ የሚያውቀው ነገር ነው።”

ትንሽ ቆይቶ አባ ሀብተ ማርያም በሞተር ሳይክል መጡ፤ ሞተሩን የሚነዳው መምህር ፍሬው ነበር። አባ ስልሳ የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በላብ የሚንሸራተት ሰው ናቸው። ሁላችንንም ጨብጠው ጋሽ ደምሴ ፊት ቆሙ።

“ጋሽ ደምሴ፣ ሸሹኝ።”

“ሸሽቼዎታለሁ፣ አባ። አፍሬ ነው።” ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው የመጀመሪያውን በቀይ የተሰመረ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡ። “እስቲ ይንገሩኝ፤ ይህ እውነት ነው? የሚለየን የለም?”

አባ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ።

“አይደለም” አሉ። “እኔም ሳነበው ቅር ብሎኝ ነበር። ነገ ስቀድስ መጥተው ይቆርባሉ? አይቆርቡም። ቢመጡም እኔ አላቆርብዎትም። ታዲያ የሚለየን የለም ብዬ ብፈርም ማንን ነው የማታልለው?”

ጋሽ ደምሴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። “ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“እናንተ የፈለጋችሁት መስሎኝ። እናንተ እጃችሁን ስትዘረጉ እኔ እጄን ልሰበስብ አልወደድኩም።”

ሁላችንም ወደ ሠናይት ዞርን። ፊቷ ቀላ። “እኔ ደግሞ መምህር ፍሬው የፈለገው መስሎኝ ነው። ‘እንዳይቀየሙ ጠንከር አድርገን እንጻፈው’ ስላለኝ…”

“እኔ እናንተ እንዳትቀየሙ ማለቴ ነበር!” አለ ፍሬው።

ሐጂ ኡመር እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። “ወላሂ! ማንም ያልፈለገውን ወረቀት ሁላችሁም ልትፈርሙበት ነበር?”

ይሉኝታ ነው። እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ የእምነት መላላት ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። ሠናይትን በልቤ ወቅሻታለሁ። ለካ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ላለመቀያየም ሲሉ አንዱም የማያምንበትን ቃል እየተቀባበሉ ቆይተዋል።

ሳቁ ሲበርድ ግን ጨዋታው አላለቀም። አባ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በጣታቸው አሳዩ።

“ይህን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አምንበታለሁም። እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ስሟን ሳልጠራ ቀድሼ አላውቅም። አትጥራት ቢሉኝ እንዴት እችላለሁ?”

“አይጥሯት አልልም” አሉ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው። “እኔ ግን ሚስቴ ዓይኗን ስትከድን ጌታ ዘንድ እንደገባች አምኜ ነው የሸኘኋት። ዛሬ ምሕረት ታግኝ ብዬ ብለምን፣ አላገኘችም ይሆናል ማለቴ ነው። ይህን ማለት ደግሞ መስቀሉን መጠራጠር ይሆንብኛል። አልችልም፣ አባ። ለእርስዎ ብዬ እንኳ አልችልም።”

ከወደ ታች አንድ ግመል ሲጮህ ይሰማል።

ከዚያ አባ፣ “እኔም አንድ የምጠይቅዎት አለኝ” አሉ። “ካቶሊኮች ጣዖት ያመልካሉ ብለው ሰብከዋል ይባላል። ብለዋል?”

“ብያለሁ።”

“እመቤታችንን እናከብራለን፤ እንለምናታለን። አናመልካትም። እንዲህ ሲባል ሰምቼ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።”

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን አጠፉ። “እሷን መለመን ትክክል አይመስለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። ያመልካሉ ማለቴ ግን ሳልጠይቅ የተናገርኩት ነው። ሰው ፊት የተናገርኩትን ሰው ፊት መልሼ እወስደዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።”

አባ እጃቸውን ዘርግተው ያዟቸው።

እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። ካቶሊክ እንደነበርኩ ለአባ ነገርኳቸው። “ለምን ወጡ?” አሉኝ፤ ቁጣም ማባበልም በሌለበት ድምፅ።

“ድኅነቴን በራሴ ጥረት ላሟላ ስደክም የኖርኩ መሰለኝ። ጸጋ የሚለውን ቃል የሰማሁት ሌላ ቤት ነው።”

“እኛ ቤት አልተነገረዎትም?”

“ምናልባት ተነግሯል። እኔ አልሰማሁትም።”

“እንግዲያው በሚሰማ ድምፅ አልተናገርነውም” አሉ አባ። “መውጣትዎ ያሳዝነኛል። ምንም አይደለም አልልዎትም።”

ከእናቴ ወዲህ ምንም አይደለም ያላለኝ የመጀመሪያው ካቶሊክ እሳቸው ናቸው። ሲያሳዝናቸው ማየቴ ለምን እንዳስደሰተኝ ወዲያው አልገባኝም። በኋላ ሳስበው፣ የመረጥኩትን ነገር እንደ ቁም ነገር ስለቆጠሩልኝ ነው።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ወረቀትና እስክሪብቶ አስያዙኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀብን። አንዱ ቃል ሲጨምር ሌላው ይሰርዛል። በመጨረሻ ይህ ቀረ፦

“ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታ እንደሆነ፣ ስለ እኛ እንደሞተና እንደተነሣ በአንድ ልብ እንመሰክራለን። በእምነታችን የሚለያዩን ከባድ ነገሮች አሉ፤ አንደብቃቸውም፤ በእነሱም ምክንያት አንጠላላም። ይህን መሬት አብረን ለምነን አገኘን፤ እስከ ትንሣኤ ቀን አብረን እንጠብቀዋለን። መንገድ የሰጡንን ጎረቤታችንን ሐጂ ኡመርን እናመሰግናለን።”

ሐጂ ኡመር ስማቸውን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። “እኔን ተዉኝ” አሉ፤ ይሰረዝ ግን አላሉም።

ሥርዓቱንም ተስማማን። አባታችን ሆይን አብረን እንላለን። ካቶሊኮቹ ለሙታናቸው ሲጸልዩ እኛ ወደ አጥሩ ፈቀቅ ብለን በዝምታ እንቆማለን፤ አሜን አንልም። ጋሽ ደምሴ ሲሰብኩ እነሱ እንዲሁ ይሰማሉ።

“አንድ ችግር አለ” አሉ አባ ሞተሩ ላይ ሊወጡ ሲሉ። “የእኛ ሰዎች አባታችን ሆይ ካሉ በኋላ ሳይተነፍሱ ‘እመቤቴ ማርያም ሆይ’ ብለው ነው የሚቀጥሉት፤ ልማዳቸው ነው። ነገ ጠዋት አሳስባቸዋለሁ።”

እሑድ፤ ምረቃው

እኛ በጸሎት ቤታችን፣ እነሱም በመምህር ፍሬው ግቢ የየራሳችንን አምልኮ ጨርሰን አምስት ሰዓት ላይ ቁርቁራው ሥር ተገናኘን። መቶ የማንሞላ ሰዎች ነን። ሐጂ ኡመር ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ከበሩ ውጭ ቆመዋል። እትዬ ዘነበችም ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተዋል። “ሁለት መሆናችሁን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው” አሉኝ በሹክሹክታ።

ሠናይትና ፍሬው ጽሑፉን ተራ በተራ አነበቡት። “የሚለያዩን ከባድ ነገሮች አሉ” ሲባል ሕዝቡ መሃል አንዳች ነገር ሲላላ ተሰማኝ። ሰው ሁሉ ትከሻውን ያወረደ መሰለኝ። ጋሽ ደምሴና አባ ፈረሙ። ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ ስለ ጣዖት የተናገሩትን በግልጽ መልሰው ወሰዱ፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሳያስረዝሙ።

አባታችን ሆይን አብረን ጸለይን። “አሜን” ብለን ስንጨርስ ጸጥ አለ። ከፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት ግን ብቻቸውን ቀጠሉ፦ “እመቤቴ ማርያም ሆ…” ካሉ በኋላ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባ ፈገግ አሉ። ጋሽ ደምሴንም ፈገግታ አሸነፋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ማሾው አዞሩ።

ከዚያ ካቶሊኮቹ ለሙታን ጸሎት ጀመሩ። እኛ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አልን። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ተንበርክኬ ያልኩት ነው። ከንፈሬ ሊከተል ፈለገ። የመጨረሻው አሜን ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አላልኩትም። ጥላቻ ስላለኝ አልነበረም፤ ስለማላምንበት ነው። ከፊታችን የቆሙት ካቶሊኮች እንዳላልኩት ሰምተዋል፤ እኔም ሲሉት ሰማኋቸው። ማንም ለማንም አላስመሰለም።

ጋሽ ደምሴ ስለ ትንሣኤ የሚናገረውን ቃል አንብበው አጭር ስብከት ሰበኩ። ያ የሞተር ድምፃቸው ማሾውን አልፎ ተሰማ። ዝማሬ ዘምረን ጨረስን።

ሁሉም ሰው ደስ ብሎት አልሄደም። ከእኛ ወገን አንድ ወጣት “ከእነሱ ጋር አባታችን ሆይ ማለታችን ራሱ መላላት ነው” ብሎ ምሳውን ሳይበላ ወጣ። ጋሽ ደምሴ “ማክሰኞ እቤቴ ና፤ እንነጋገራለን” ብለው ሸኙት። ከካቶሊኮቹ አንዲት እናት ደግሞ “ለልጄ ስንለምን አሜን ብትሉልኝ ምን ነበረበት?” ብለው እጄን ይዘው አለቀሱ። ልጃቸው ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኋቸው። ምሳው እስኪቀርብ ድረስ ስለ እሱ ነገሩኝ፤ ነጋዴ እንደነበረ፣ ሲስቅ እንዴት ያለ ጥርስ እንደነበረው። እሱን መስማት እችል ነበርና ሰማሁ።

ምሳው የማሾ ወጥና ሽሮ ነበር፤ ከዚያ ማንጎ ቀረበ። የማሾ ወጥ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከምስር ለስለስ ይላል፤ ሁለቴ አስጨመርኩ።

ሰኞ፤ ወደ ቤት

በማለዳ ተሳፈርኩ። አገሩን ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ሌላ ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ዞር ብዬ ሳይ ቆላው በጠዋት ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላምበረት ወረድኩ፤ በማግስቱ ለሽማግሌዎቻችን ሪፖርት አቀረብኩ።

አንዱ ሽማግሌ ጽሑፉን አንብበው፣ “ታዲያ አንድ ሆኑ ወይስ አልሆኑም?” ብለው ጠየቁ።

“አልሆኑም” አልኩ። “አሁን ግን ሁለቱም በምን እንዳልሆኑ ያውቃሉ። ከዚህ በፊት አያውቁም ነበር።”

ስለ አንድነት ያለኝ ስጋት አልጠፋም። ልዩነትን በጥሩ ቃል ሸፍኖ መፈራረም እምነትንም ወዳጅነትንም ይጎዳል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግን እስካሁን ስጋቴን መራቂያ አድርጌው ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ስጋታቸውን ይዘው አባ ፊት ቀረቡ፤ ሲያበቁ ሁለቱም ከመጡበት እምነት ንቅንቅ ሳይሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። እምቢ ማለት ሰውን ማጣት ብቻ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ በአክብሮት የተነገረ እምቢታ ሁለት ሰዎችን ሲያቀራርብ አየሁ።

ከወር በኋላ ጋሽ ደምሴ ደወሉልኝ። አባ ለቅዳሴ ሲመጡ አንድ ቀን ቀድመው መጥተው ነበር አሉ። ስለ እመቤታችን ምልጃ ከምሳ በኋላ ጀምረው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተከራከሩ።

“ተስማማችሁ?”

“የለም። እሳቸውም አልተበገሩ፣ እኔም አልተበገርኩ። በሚመጣው ወር ደግሞ ስለ መጽደቅ ነው የምንነጋገረው። ተዘጋጅቼ ነው የምጠብቃቸው። ጸልዪልኝ።”

“ለእርስዎ ነው ወይስ ለአባ?”

“ለሁለታችንም ጸልዪ” አሉ። “በሕይወት ስላለን ትችያለሽ።”